ለአዛውንትና ለጀማሪ የሚሆን የኤሌክትሪክ ብስክሌት ስለ መምረጥ

በከተሞቻችን ገበያ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አንድ አዲስ ሸቀጥ ብቅ ብሏል፤ ይኸውም በባትሪና በሞተር የሚታገዘው ብስክሌት ነው። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ብዙ አስመጪዎች ዐይናቸውን በኤሌክትሪክ ወደሚሠሩት ማጓጓዣዎች መልሰዋል፤ በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማትም በታላላቅ ጎዳናዎች ዳር ለብስክሌት የተለየ መስመር አበጅቷል። እንግዲህ ይህ ዕቃ ገዢ ያገኛል ብሎ የሚያስብ ነጋዴ ግምቱ ከመሠረት የራቀ አይደለም። ነገር ግን የሚታዘዘውን ዓይነት ስንመለከት፥ ገዢው ማን እንደሚሆን ሳይጠየቅ ካታሎጉ ብቻ ተገልጦ የታዘዘ የሚመስለው ብዙ ነው።

በመደብሩ መስኮት የሚቆመው ብስክሌት ጎማው እንደ ሞተር ብስክሌት የወፈረ፥ አግዳሚ ብረቱ ከፍ ያለ፥ በሰዓት ይህን ያህል ኪሎሜትር ይሮጣል ተብሎ በትልቅ ፊደል የተጻፈበት ነው። ይህ የጎበዝ ዕቃ ነው። ጎበዙ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለማየት ይመጣል እንጂ ለመግዛት የሚበቃ ገንዘብ በእጁ የለውም፤ ቢኖረውም እግሩ ብርቱ ስለ ሆነ ተራው ብስክሌት ይበቃዋል። ዕቃው የሚያስፈልገውና ዋጋውን የሚከፍለው ሰው ሌላ ነው፤ ጡረታ የወጣው የመንግሥት ሠራተኛ፥ ጉልበቷን የሚያማት ባለሱቅ፥ በወጣትነቱ ብስክሌት ነድቶ ከዚያ በኋላ 30 ዓመት ያልነካው ሰው፥ ጨርሳ ነድታ የማታውቅ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ። አስመጪው ዕቃውን መምረጥ የሚገባው በእነዚህ ሰዎች ዐቅም ነው እላለሁ። ለእነርሱ የተመቸ ብስክሌት ለጎበዙም ይመቻል፤ ለጎበዙ ተብሎ የተሠራው ግን እነርሱን ይጥላቸዋል።

ይህ አስተያየት በሌሎች አገሮች የተፈተነ ነው። የጃፓኑ ያማሃ ኩባንያ በሞተር የሚታገዝ ብስክሌት ለገበያ ያቀረበው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1993 ዓ.ም. ሲሆን፥ በጃፓን ከተሞች ለዚህ ዕቃ ገበያ ካስያዙለት ዋነኞቹ ሕፃን ከኋላ አስቀምጠው ዐቀበት የሚወጡ እናቶችና አዛውንቶች ናቸው። በኔዘርላንድም አስቀድመው የገዙት በዕድሜ የገፉት ሰዎች ነበሩ፤ ወጣቱ የተከተለው በኋላ ነው፤ በ2021 በዚያ አገር ከተሸጠው አዲስ ብስክሌት ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው ባለኤሌክትሪክ ሆኖ ተገኝቷል። ገበያው ከአዛውንቱ ተነሥቶ ወደ ወጣቱ ሄደ ማለት ነው።

በዚያው አገር የታየውን ሌላውንም ነገር መሸፈን አይገባም። በ2017 በኔዘርላንድ በብስክሌት ላይ ሳሉ አደጋ ደርሶባቸው ከሞቱት 206 ሰዎች መካከል 57ቱ በኤሌክትሪክ ብስክሌት ላይ የነበሩ ናቸው፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ነበሩ። አዛውንት ከመኪና ጋር ሳይጋጭ ብቻውን የሚወድቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ በፍጥነት ሲሄድ አይደለም፤ ሲወጣ፥ ሲወርድ፥ ወይም ከቆመበት ሲነሣ ነው። ዳሌው የተሰበረ የ70 ዓመት ሰው ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው ለመራመዱ ማረጋገጫ የለም። ለንግዱም ቢሆን ነገሩ ቀላል አይደለም፤ የወደቀው ሰው ብስክሌት ዕቃ ቤት ገብቶ ይቆለፍበታል፤ ወሬው ግን በሰፈሩና በዕድሩ ይዞራል፤ በዚያ ሰፈር ሌላ ብስክሌት ለመሸጥ ዓመታት ያስፈልጋሉ።

የመንግሥትም እጅ አለበት። በ2011 ዓ.ም. ሰኔ ወር መጨረሻ የአዲስ አበባ አስተዳደር፥ በሞተር ብስክሌት እየታገዘ በሚፈጸም ወንጀል ምክንያት፥ ልዩ ፈቃድ ከተሰጣቸው በቀር ሞተር ብስክሌቶች በከተማው እንዳይንቀሳቀሱ መከልከሉን ሁላችንም እናስታውሳለን። ነገ ብስክሌት ነው ተብሎ የገባ ዕቃ በብስክሌት መስመር ላይ በሰዓት 45 ኪሎሜትር ሲሮጥ ቢታይና ሰው ቢገጭ፥ ባለሥልጣኑ ዝግተኛውን ከፈጣኑ ለይቶ ይከለክላል ብሎ መተማመን አይቻልም። ጥሩውን ያስመጣው ነጋዴ ከመጥፎው ጋር አብሮ ይታሠራል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሕጉ ግልጽ ነው፤ ሞተሩ በመደበኛ ጉልበቱ ከ250 ዋት ያልበለጠ፥ ነጂው ፔዳል ሲረግጥ ብቻ የሚያግዝ፥ ፍጥነቱ በሰዓት 25 ኪሎሜትር ሲደርስም እርዳታውን የሚያቆም ከሆነ እንደ ብስክሌት ይቈጠራል፤ ከዚህ ካለፈ ሰሌዳና መንጃ ፈቃድ ወደሚጠየቅበት ክፍል ይገባል። ነጋዴዎቻችን ሕግ እስኪወጣ ሳይጠብቁ ይህንን ወሰን በራሳቸው ትእዛዝ ላይ ቢጽፉት የሚጎዱ አይመስለኝም። ለአዛውንትና ለጀማሪ በሰዓት 25 ኪሎሜትር ይተርፋል እንጂ አያንስም።

አሁን ወደ ዕቃው እንግባ። ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው አግዳሚው ብረት ነው። በኮርቻውና በመሪው መካከል ያለው ብረት ዝቅ ብሎ የተሠራ እንደ ሆነ፥ ሰውየው እግሩን ወደ ኋላ ሳይወረውር በፊት ለፊት አሻግሮ ይቀመጣል፤ ሲደነግጥም ሁለቱን እግሮቹን ወዲያው መሬት ያስነካል። በእኛ ገበያ ይህን ዓይነት «የሴት ብስክሌት» ብሎ መጥራት የተለመደ ነው። በዚህ ስም የተነሣ ስንቱ አባት ክብሩ እንዳይነካ በማይመቸው ላይ እየወጣ እንደሚንገዳገድ ሳስበው ይገርመኛል። ስሙን መለወጥ ወጪ የለውም፤ «ዝቅ ያለ» ብሎ የሚጠራው ባለሱቅ ለወንዱም ለሴቲቱም ይሸጣል፤ ረዥም ቀሚስና ነጠላ ለለበሰች እናት ደግሞ ከዚህ ሌላ የሚሆናት የለም።

ከአግዳሚው ጋር የኮርቻው ከፍታ ይታያል። ልምድ ያለው ነጂ ኮርቻውን ከፍ አድርጎ በእግሩ ጣት ብቻ መሬት ይነካል፤ ጀማሪና አዛውንት ግን ተቀምጠው ሁለቱንም እግሮቻቸውን በሙሉ መርገጫቸው ማሳረፍ አለባቸው። ብዙዎቹ ብስክሌቶች የተለኩት ለረዣዥም ፈረንጆች ስለ ሆነ፥ ኮርቻው እስከ መጨረሻው ዝቅ ሲል ከመሬት ስንት ሳንቲሜትር እንደሚርቅ ከፋብሪካው በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል። የጎማው ዲያሜትር 20 ወይም 24 ኢንች የሆነ ብስክሌት በዚህ በኩል ይረዳል። መሪውም ከፍ ብሎ ወደ ነጂው የተጠጋ ይሁን፤ ወደ ፊት ተደፍቶ መንዳት ለወገብም ለአንገትም አይበጅም። በድንጋይ ንጣፍ መንገዶቻችን ላይ ቀጭን ጎማ እጅን ያደነዝዛል፤ 5 ሳንቲሜትር ያህል ስፋት ያለው ጎማ የተሻለ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ከውጭ የማይታይ ነገር ነው፤ ነገር ግን ገዢው የሚወደውና የሚጠላው በእርሱ ስለ ሆነ ጥቂት ልቆይበት። ሞተሩ መቼና ምን ያህል ይርዳ የሚለውን የሚወስነው በፔዳሉ አጠገብ የተሸሸገ አንድ ትንሽ መሣሪያ ነው። ዓይነቱም ሁለት ነው። አንደኛው የሚያውቀው ፔዳሉ መዞር አለመዞሩን ብቻ ነው፤ ፔዳሉ ሲዞር ሞተሩን ይከፍታል፥ ሲቆም ይዘጋል። ሁለተኛው እግር ፔዳሉን በምን ያህል ኃይል እንደ ተጫነ ይመዝናል፤ በቀስታ ለሚረግጥ በቀስታ፥ አጥብቆ ለሚረግጥ አጥብቆ ያግዛል። የፊተኛው ዋጋው ርካሽ ነው፤ ጉድለቱ ግን በመነሻው ላይ ይገለጣል። ነጂው ፔዳሉን ጥቂት እስኪያዞር ድረስ ሞተሩ ዝም ይልና ከዚያ በኋላ ባንድ ጊዜ ይገፋል። ልምድ ያለው ሰው ይህን ዐውቆ ይጠብቀዋል፤ ጀማሪ ግን መሪውን ገና ሳያቀና ብስክሌቱ ያመልጠዋል። እግሩን ካሳረፈም በኋላ ሞተሩ ለቅጽበት መግፋቱን ሊቀጥል ይችላል፤ በእግረኛ መሻገሪያ ፊት ይህች ቅጽበት ረዥም ናት። ስለዚህ አስመጪው ተጨማሪ ገንዘብ የሚያወጣበት አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ቢባል፥ የእግርን ግፊት የሚመዝነውን መሣሪያ ቢመርጥ ደስ ይለኛል።

ይህን ስል የሚነሣውን ተቃውሞ አውቃለሁ። ጉልበቱን በጣም የሚያመው ሰው አጥብቆ መርገጥ ስለማይችል፥ ባለመመዘኛው ብስክሌት ሊቆጥብበት ይችላል፤ እንዲህ ላለው ሰው በመዞር ብቻ የሚያግዘው ይቀለዋል። መልሱ፥ በትንሽ ግፊትም ብዙ እንዲያግዝ ተደርጎ ሊስተካከል የሚችለውን መምረጥ ነው። ከቆመበት ለመነሣትና ብስክሌቱን በእግር እየገፉ ዐቀበት ለማውጣት ደግሞ በቁልፍ የሚሠራ፥ ከሰዓት 6 ኪሎሜትር የማይበልጥ እርዳታ አለ፤ የአውሮፓውያን ሕግም ይፈቅደዋል። በእጅ ተጠምዝዞ እንደ ሞተር ብስክሌት ሙሉ ጉልበት የሚሰጠውን እጀታ ግን ለጀማሪ አልመክርም። የደነገጠ እጅ የጨበጠውን አይለቅም፤ ይልቁንም ያጠብቃል።

ስለ ሞተሩ ጉልበት በካታሎግ የሚጻፈው አብዛኛው ለማስደነቅ ነው። 1,000 ዋት ተብሎ የተጻፈው ብዙ ጊዜ ለጥቂት ሰኮንድ ብቻ የሚገኘው ከፍተኛ ጉልበት ሆኖ ይገኛል። በቁጥር እንየው። ሰውየው 75 ኪሎ፥ ብስክሌቱ 25 ኪሎ፥ በድምሩ 100 ኪሎ ይሁን፤ በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር ከፍ የሚል ዐቀበት በሰዓት 10 ኪሎሜትር ለመውጣት 245 ዋት ያህል ጉልበት ይጠይቃል። አንድ ጤነኛ አዛውንት ሳይደክም 75 ዋት ያህል ቢሰጥ፥ የቀረው 170 ዋት የሞተሩ ድርሻ ነው። እንግዲህ 250 ዋት በእውነት የሚሰጥ ሞተር ይበቃል፤ ዐቀበቱ ከዚያ ቢብስ ወደ ሰዓት 8 ኪሎሜትር ዘግየት ብሎ መውጣት ነው። የአዲስ አበባ አየር የሳሳ ነው፤ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፥ የእንጦጦም አናት ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ይህ የሰውን ሳንባ ያደክማል፤ የቤንዚን ሞተርንም ጉልበት ይቀንሳል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ነዳጅ ስለማያቃጥል የአየሩ መሳሳት ጉልበቱን አይነካበትም። ከዚህ የተነሣ ዕቃው ከጠፍጣፋው የኔዘርላንድ ምድር ይልቅ ለደጋው ከተማችን ይበልጥ ያስፈልጋል ማለት ይቻላል።

ችግሩ ሞተሩ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። በጎማው መካከል የተገጠመው ሞተር ርካሽና ለመጠገን ቀላል ነው፤ ነገር ግን በረዥም ዐቀበት ላይ ጎማው ቀስ ብሎ ሲዞር ሞተሩም አብሮት ስለሚዘገይ፥ ከባትሪው የወሰደውን ኃይል ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። በፔዳሉ ሥር የተገጠመው ሞተር በሰንሰለቱና በጥርሶቹ በኩል ስለሚሠራ፥ ነጂው ቀላል ማርሽ ካስገባ ጎማው ቢዘገይም ሞተሩ በደህና ፍጥነት ይዞራል። በአንጻሩ ዋጋው ይከብዳል፤ ሰንሰለቱን ቶሎ ይበላዋል፤ አንዳንዱንም ያለ ፋብሪካው ልዩ መሣሪያ መክፈት አይቻልም። ለባሕር ዳርና ለሐዋሳ ሜዳ በጎማ ውስጥ ያለው ያለ ጥርጥር ይበቃል። ለአዲስ አበባ ግን በፔዳሉ ሥር ያለው ይሻላል፤ ዋጋው ካልተቻለ በጎማው ውስጥ ካሉትም በውስጡ ጥርስ ያለውንና የማዞር ጉልበቱ ከ40 ኒውተን ሜትር የማያንሰውን መፈለግ ነው። ይህ የኒውተን ሜትር ቁጥር በካታሎጉ ውስጥ በትንሽ ፊደል ይጻፋል፤ ዐቀበት የሚያወጣው ግን እርሱ ነው።

የወጣ ሁሉ ይወርዳልና ፍሬኑ ከሞተሩ አያንስም። የአዛውንት ጣት ደካማ ነው፤ በዘይት ግፊት የሚሠራው የዲስክ ፍሬን በሁለት ጣት ይይዛል። ይህን የሚያስመጣ ሰው ግን ዘይቱንና የፍሬኑን ሸራ አብሮ ማስመጣት፥ ለሚጠግነውም ሰው ማሳየት አለበት፤ ይህን ካላሰበ በሽቦ የሚሳበውን፥ ዲስኩ 18 ሳንቲሜትር የሆነውን ቢመርጥ ይሻለዋል፤ እርሱን የመንገድ ዳሩ ጠጋኝም ያስተካክለዋል። በሁለቱም ዓይነት የፍሬኑ እጀታ ሲጨበጥ ሞተሩ ወዲያው የሚጠፋበት ቁልፍ መኖር አለበት። የሌለውን ብስክሌት ለማንም አዛውንት መሸጥ አይገባም።

ባትሪው የዕቃው ትልቅ ዋጋም ትልቅ አደጋም ነው። መጠኑን ለማወቅ ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ ማባዛት ነው፤ 36 ቮልትና 10 አምፔር ሰዓት የሆነው 360 ዋት ሰዓት ይይዛል። ካታሎጉ በዚህ 80 ኪሎሜትር ያስኬዳል ይላል፤ ይህ ቀላል ሰው በሜዳ ላይ በትንሹ እየታገዘ ሲሄድ ነው። 100 ኪሎውን 300 ሜትር ከፍ ለማድረግ ብቻ 82 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል፤ በሞተሩ ውስጥ በሙቀት የሚባክነው ሲጨመር ከ100 ያልፋል። ስለዚህ በዐቀበታም ከተማ ከ20 እስከ 30 ኪሎሜትር ብሎ የሚነግር ባለሱቅ የታመነ ባለሱቅ ነው። ከ80 ኪሎሜትር ተስፋ ጋር የተሸጠለት ሰው በ25ኛው ኪሎሜትር 25 ኪሎ ብረት እየገፋ ወደ ቤቱ ሲመለስ ምን እንደሚል መገመት አያስቸግርም።

ባትሪው ከብስክሌቱ የሚነቀል መሆን አለበት። ብዙ ሰው የሚኖረው አሳንሰር በሌለው ባለአራት ፎቅ ኮንዶሚንየም ነው፤ 25 ኪሎ ብስክሌት ተሸክሞ ደረጃ መውጣት የአዛውንት ሥራ አይደለም፤ 3 ኪሎ የማይሞላውን ባትሪ ይዞ መውጣት ግን ይቻላል። ብስክሌቱ ከታች በጠንካራ ሰንሰለት ታስሮ ያድራል። በክረምት ወራትም ባትሪው ቤት ማደሩ ለዕድሜው ይበጃል።

ስለ እሳት ያለው ነገር በግልጽ ይነገር። በኒው ዮርክ ከተማ በ2023 በሊቲየም ባትሪዎች በተነሣ እሳት 18 ሰዎች ሞተዋል። ከተማዪቱ በዚያው ዓመት መስከረም ወር፥ ዩ.ኤል. 2849 የተባለውን የብስክሌት መመዘኛና ዩ.ኤል. 2271 የተባለውን የባትሪ መመዘኛ ያላሟላ ዕቃ እንዳይሸጥ የሚከለክለውን ሕግ ሥራ ላይ አውላለች፤ አውሮፓውያንም ለብስክሌቱ ኢ.ኤን. 15194 የተባለ መመዘኛ አላቸው። እንዲህ ያለ ሕግ በወጣ ጊዜ በዚያ መሸጥ ያልተቻለው ዕቃ ሕግ ወደሌለበት ገበያ በርካሽ መፈለጊያውን ያደርጋል፤ ይህን የማያውቅ ነጋዴ የለም። ስለዚህ በፋብሪካው ሰሌዳ ላይ የታተመው ምልክት አይበቃም፤ የምርመራውን ወረቀት በቁጥሩ ጠይቆ፥ ቁጥሩ ከሚመጣው ሞዴል ጋር አንድ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ባትሪ በሱቁ ውስጥ ሲቀመጥም ግማሽ ያህል ተሞልቶ፥ ከፀሐይና ከሚቀጣጠል ዕቃ ርቆ ይቀመጥ፤ ገዢውም ሰው ተኝቶ ሳለና በመውጫ በር አጠገብ እንዳይሞላ፥ የሌላ ዕቃ ቻርጀርም እንዳይሰካበት ይነገረው። ቻርጀሩ ለእኛ 220 ቮልት የሚሆን መሆኑን አስመጪው አስቀድሞ ይይ፤ ለሌላ አገር ገበያ ተሠርቶ በርካሽ የተገኘ ዕቃ በዚህ በኩል ያታልላል።

ሰነዱንም በአጭሩ ላንሣ። በዓለም የጉምሩክ ድርጅት የዕቃዎች መለያ ሞተር የሌለው ብስክሌት በ8712 ሲመደብ፥ ኤሌክትሪክ ሞተር ያለው ግን ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 8711.60 በተባለው ንኡስ ቁጥር ሥር ነው። ዋጋውን በተራ ብስክሌት ቀረጥ አስልቶ የመጣ ነጋዴ ጉምሩክ በር ላይ ስሌቱ ይፈርስበታል። ባትሪውም እንደ አደገኛ ጭነት ስለሚቈጠር የተባበሩት መንግሥታትን የ38.3 ምርመራ ማለፉን የሚገልጽ ወረቀት ይጠየቃል፤ ብቻውን የሚላክ የሊቲየም ባትሪ በመንገደኞች አውሮፕላን እንደ ጭነት እንዳይላክ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተከልክሏል። ስለዚህ መለዋወጫ ባትሪ ሲያልቅ ባንድ ሳምንት አስመጣለሁ ማለት አይሆንም፤ በጅቡቲ በኩል ከብስክሌቶቹ ጋር አብሮ መታዘዝ አለበት። በእኔ ግምት ለ20 ብስክሌት ቢያንስ 2 ባትሪ፥ 4 ቻርጀርና 2 የሞተር መቆጣጠሪያ፥ ከዚህም ሌላ የፍሬን ሸራና የውስጥ ጎማ በብዛት አብሮ ካልመጣ፥ ትእዛዙ ሙሉ አይደለም። ከ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የውጭ ዕቃ በብር ምን ያህል እንደ ከበደ የሚታወቅ ነው፤ በአንድ መቆጣጠሪያ ጉድለት የቆመ ብስክሌት የቤተ ሰብ ቁጠባ እንደ ቆመ ያህል ነው።

ባለሦስት ጎማውን ለአዛውንት የሚያዙ አሉ። ሲቆም አይወድቅም፤ ዕቃም ይጭናል፤ ሚዛን መጠበቅ ለማይችል ሰው ጥሩ ነው። ነገር ግን በመታጠፊያ ላይ እንደ ባለሁለቱ ስለማያዘነብል፥ በፍጥነት ከታጠፉበት አንዱ ጎማ ይነሣል፤ ወደ ጎን በሚያዘቀዝቅ መንገድም ይጎትታል። ሁለት ሦስት አስመጥቶ መሞከር እንጂ ኮንቴይነር መሙላት አይመከርም።

ቀሪው የባለሱቁ ሥራ ነው። ለአንድ አዛውንት «አባባ፥ ይህኛው በሰዓት 45 ይሮጣል» ከማለት፥ «እስኪ ይቀመጡበት፤ እግርዎ መሬት ይደርሳል?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። ከዚያ መኪና በሌለበት ግቢ ሞተሩ ጠፍቶ ያስኬደው፤ ፍሬን ሲይዝ ይየው፤ ቀጥሎ በትንሹ እርዳታ፥ በመጨረሻም በአንዲት አጭር ዐቀበት ላይ ቆሞ እንዲነሣ ያድርገው። ጨርሶ ነድቶ ለማያውቅ ሰው ሞተሩ ሚዛን አያስተምረውም፤ ፔዳሎቹን ፈትቶ፥ ኮርቻውን ዝቅ አድርጎ፥ በሁለት እግሩ እየገፋ ጥቂት ቀናት ይለማመድ። ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ሻጭ በቀን ጥቂት ይሸጥ ይሆናል፤ የሸጠው ግን አይመለስበትም።

ለንግድ ምክር ቤታችን የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። የብስክሌት አስመጪዎችና ቸርቻሪዎች ከሚመጣው የክረምት ወራት በፊት ባንድ ቀን ተሰብስበው፥ በእያንዳንዱ ብስክሌት መሪ ላይ በአማርኛ የሚንጠለጠል አንድ ወረቀት ቢስማሙበት ጥሩ ነው። በወረቀቱ ላይ የኮርቻው ዝቅተኛ ከፍታ በሳንቲሜትር፥ የብስክሌቱና የባትሪው ክብደት በኪሎ፥ የመመዘኛው ዓይነት፥ የማዞር ጉልበቱ በኒውተን ሜትር፥ እርዳታው የሚቆምበት ፍጥነት፥ በዐቀበታም መንገድ የሚያስኬደው ርቀት፥ የባትሪው የምርመራ ወረቀት ቁጥር፥ መለዋወጫ የሚገኝበትም ሱቅ ይጻፍ። ወረቀቱን የሚያሳትመው አስመጪው ሲሆን፥ ያልተሞላ ወረቀት የተንጠለጠለበትን ብስክሌት ቸርቻሪው እንዳይረከብ በስምምነቱ ውስጥ ይግባ።